ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም

የአባቴን ሞት የሚናገረው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ በቀየርሁ ቁጥር መጀመሪያ የማሻግረው እሱን ነው። «አባታችን ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ወደ አኼራ ሄደዋል» ይላል። አባቴ አልታመመም። በዕድሜው ሐኪም ቤት የገባው አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ሰው ሊጠይቅ። ይህን የጻፈውን ሰው ይቅር በይው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም እስኪጨርሱ አዳምጫቸዋለሁ። አሁን ይህን የምጽፈው ግን ይቅር ስላልሁት አይደለም።

አባቴ የቅሬያችን ለፋፊ ነበር። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰው ሲሞት ተጠራርቶ የሚቀብር ማኅበር ነው። መንደራችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ሲኬድ በግራ በኩል፣ አምባሰል ግርጌ ነው። ከቤታችን በላይ አንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለ። አባቴ እዚያ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል እስከ ታችኛው ወንዝ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ የት እንዳለ። ሦስቱን ሳይጨርስ ከቋጥኙ አይወርድም።

ልጅ ሆኜ «ሰው በምን እንደሞተ ምን ያደርግላቸዋል?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ጎርፍ የወሰደው ከሆነ ገመድ ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ» አለኝ። «ገደል የገባ ከሆነ ቃሬዛ ይዘው ወደ ገደሉ ነው የሚሮጡት። ታሞ ከሆነ ግን ቤቱ ነው ያለ፣ ተረጋግተው ይመጣሉ። በምን እንደሞተ ካልነገርኋቸው እግራቸው ወዴት ይሂድ?»

ሳያጣራ የተናገረበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሞቱ የሚል ወሬ ሲመጣለት፣ ዝም ብሎ ቋጥኙ ላይ አልወጣም፤ እቤታቸው ድረስ ሄዶ ግንባራቸውን ዳሰሰ። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «አልሞትሁም፣ ውጣልኝ!» አሉት። ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ፤ እሱን ባዩት ቁጥር ግንባራቸውን በሻሽ ይሸፍኑ ነበር። የሞቱ ዕለት እንኳ አባቴ ሄዶ ዳስሶ ነው የጠራላቸው።

እኔ ዓረብ አገር የሄድሁት ገና በልጅነቴ ነው። የመንደራችን ጎረምሳና ኮረዳ ግማሹ እዚያው ነው። ሰው ሲሞት ከወራት በኋላ ነበር የምንሰማው፤ አንዷ ጓደኛችን አክስቷ ከሞቱ በኋላ የዒድ ልብስ ገዝታ ልካላቸዋለች። ስለዚህ የቅሬው ግሩፕ በስልክ ሲከፈት እልል ነው ያልነው። የከፈተው የሐይቅ ልጅ ነው። እናቱ የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው፤ ቅሬያቸው ግን የእኛው ነው። እሱም እዚያው ዓረብ አገር፣ እኔ ካለሁበት ሌላ ከተማ ሹፌር ነበር፣ ጨዋ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም አንድ ቃል የማይጽፍ። አድሚን ብለን የምንጠራው እሱን ነው።

መንደር ውስጥ ደግሞ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሶላር የሰቀለ ጎረቤት አለን። መብራት ቢጠፋም ስልኩ አይሞትም። አባቴ ቋጥኙ ላይ ሆኖ ሲጣራ እሱ ከሥር ቆሞ ድምፁን ይቀዳል፤ ከዚያ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ይልከዋል። እኔ በሰው አገር ኩሽና ሳህን እያጠብሁ የአባቴን ጥሪ እሰማለሁ። ከግሩፑ የሚመጣውንም ጎረቤታችን ለአባቴ ያነብለታል። ዓረብ አገር የሞተ የመንደሩ ልጅ ካለ አባቴ ያንኑ ይዞ ቋጥኙ ላይ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ስልኩና ቋጥኙ አንድ ቅሬ ሆኑ።

ለውጡ የመጣ ጊዜ ግሩፑ በባንዲራ ተሞላ። መጀመሪያ ሁሉም ደስ ብሎት ባንዲራ ላከ፤ ቀጥሎ የትኛው ባንዲራ በሚለው ተጣላ። ዕቃ ዕቃ አብረው የተጫወቱ ሰዎች የአያት ቅድመ አያት ዘር እየቆጠሩ ተሰዳደቡ። አንድ ሠርግ በዚሁ ጠብ ፈረሰ፤ በሬው ታርዶ ስለነበር ሥጋው ለጎረቤት ተከፋፈለ። ያን ጊዜ አድሚኑ ከቅሬው ሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ሕግ አወጣ፤ ሁልጊዜ እንዲታይም ከላይ ሰቀለው። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ፖለቲካ፣ ጦርነት፣ የማንኛውንም ወገን ስም ማንሳት ክልክል ነው። የጻፈ ይሰረዝበታል፤ ከባሰም ይታገዳል።» እኔም ስድቡ አንገፍግፎኝ ስለነበር አውራ ጣት ልኬ አጽድቄያለሁ። እዚህ ላይ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ጦርነቱ ሲጀመር ከእኛ ሩቅ ነበር። እየቀረበ ሲመጣ ግን የአድሚኑ እጅ ፈጠነ። አንዱ «ወደ ወልድያ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተሰረዘበት። አንዷ ወንድሟ ከዘመተ ድምፁን እንዳልሰማች ብትጽፍ ተሰረዘባት። «መልእክቱ በአድሚን ተሰርዟል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች፤ ከሥሯ የሠርግ ፎቶ፣ ከሥሩ የጠፋች ጊደር። ያን ሰሞን ግሩፑን የከፈተ እንግዳ ሰው አገሩ ሰላም ነው ብሎ ይሄድ ነበር።

እኔ የምሠራበት ሕንፃ ላይ አንዲት የውጫሌ ልጅ ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ እህሉ ገና ሳይታጨድ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እያለቀሰች መጣች። ቤተሰቦቿ ውጫሌን ለቀው መውጣታቸውን፣ ውጊያው ወደ ሐይቅ እየመጣ መሆኑን፣ ከባድ መሣሪያም ከመንደራችን በላይ ባለው ሸንተረር ሲተከል በዓይናቸው ማየታቸውን ደውለው ነግረዋታል። እሷን አቅፌ እያባበልሁ ስለ አባቴ ነበር የማስበው። ለእኔ ስልክ የሚፈቀድልኝ ከዙሁር ሰላት እስከ ዐስር ሰላት ነው፤ ከዚያ እመቤቴ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ለጎረቤታችን ደጋግሜ ደወልሁ፣ አልገባም። ለእሱ ብቻ መልእክት ልላክ ብዬ ተውሁት። አባቴ ያሳደገኝ «አዋጅ በጆሮ አይነገርም» እያለ ነው፤ ለአንድ ሰው ሹክ ብትዪው ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል ይል ነበር። ስለዚህ ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም በሚሰማበት፣ በድምፄ ላክሁት።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የውጫሌ ሰው ለቆ ወጥቷል። መድፍ ከሸንተረሩ ላይ ተተክሏል። ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ውጡ። አባቴን ንገሩልኝ፣ ዛሬውኑ ከቋጥኙ ላይ ይጣራ!»

ድምፄ የእሱን ድምፅ መስሎ ወጣ። ስልኩን ለእመቤቴ አስረክቤ ወጥ ልሠራ ገባሁ፤ ያን ቀን ወጡን ጨው አበዛሁበት ብላ ተቆጥታኛለች።

ሲመሽ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ለምኜ ስልኩን ተቀበልሁ። መልእክቴ የለም፤ «በአድሚን ተሰርዟል»። እኔም ለሰባት ቀን እንዳልጽፍ ታግጃለሁ። በውስጥ ጻፍሁለት።

«ምን ማድረግህ ነው? ይኼ ፖለቲካ ነው?»

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ጦርነት ማንሳት በሕጋችን ክልክል ነው። ያልተረጋገጠ ወሬ ሕዝብ ያሸብራል።»

«አባቴ እዚያ ነው እኮ!»

«የሁላችንም ቤተሰብ እዚያ ነው። ለአንዷ ብለን ብንጥሰው ነገ ሁሉም ይጥሰዋል። ሕግ ሕግ ነው እህቴ፣ ሰብር አድርጊ።»

ያን ጊዜ ለጎረቤታችን በውስጥ ላክሁ። መላኩን እንጂ መድረሱን የማትናገር አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ወጣች። ሁለተኛዋን ስጠብቅ አገሩ ከነስልኩ ከነመብራቱ ጠፋ፤ ከወር በላይ ምንም ወሬ አልነበረም። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ሳህን አጥባለሁ፣ ምንጣፍ እጠርጋለሁ፣ የእመቤቴን ልጆች ፀጉር እጎነጉናለሁ። ከዐስር በፊት ደግሞ ያችን ግራጫ ምልክት አያታለሁ።

ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለው ጎረቤታችን ነው። ከሰላምታው አስቀድሞ «አብሽሪ፣ ጽኚ» አለኝ፤ በዚያው አወቅሁ። መልእክቴን በላክሁ ማግስት ጧት፣ አባቴ ውዱእ አድርጎ ከደጁ እንደቆመ መድፍ ወደቀበት። የቀበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ያውም በጥድፊያ፣ ከጓሮ። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሲጣራ የኖረ ሰው የጠራለት አልተገኘም።

አልቅሼ ከወጣልኝ በኋላ መጥራት አለብኝ አልሁ። እገዳዬ አብቅቶ ስለነበር ግሩፑ ላይ ጻፍሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ ማን፣ በምን፣ የት ብዬ፦ «አባቴ፣ የቅሬያችን ለፋፊ፣ በደጁ ላይ ሳለ በመድፍ ተመትቶ ሞቷል። የተቀበረው ከቤታችን ጓሮ ነው።» ገና እጄን ከስልኩ ሳላነሣ ጠፋ። ወዲያው አድሚኑ ራሱ ሌላ ለጠፈ፤ ጽጌረዳ ሥሎበት፣ ኢና ሊላሂ ብሎ ጀምሮ፣ «አባታችን ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ወደ አኼራ ሄደዋል» አለ። በውስጥ ደግሞ «ሕጉን እንዳይነካ አስተካክዬልሻለሁ፣ አላህ ይርሐማቸው» ብሎ ላከልኝ።

ከሥሩ ሰው ተዕዚያውን፣ የማጽናኛ ቃሉን፣ አወረደው። ከዚያ መደወል ጀመሩ። «ስኳር ነበረባቸው እንዴ?» አለችኝ አንዷ። ሌላው ደም ግፊት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ስለ ጨው መከረኝ። አንዷ የሩቅ ዘመዳችን ደግሞ በሽታው በዘር ይተላለፍ እንደሆነ እንድመረመር ለመነችኝ። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ አንዳቸውንም አልተቀየምሁም። ቂሜን አንድም ሳልበትን ሁሉን ለአንድ ሰው አስቀመጥሁለት። ያን ጽጌረዳ ያለበትን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ ፎቶ አንሥቼ አኖርሁት፤ ከግሩፑም ያኔውኑ ወጣሁ።

ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ስገባ ከአባቴ ጓሮ የበቀለው ሣር ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ጎረቤታችን መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አድርጎ ያልነገረኝን ነገረኝ። መልእክቴን የላክሁ ቀን፣ ከዐስር በኋላ፣ እንደ ልማዱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ስልኩን ከፍቷል።

«የአንቺ ስም አለ፣ ከሥሩ ግን ተሰርዟል ይላል» አለኝ። «ሮጬ ለአባትሽ አሳየሁት። ልጅህ የሆነ ነገር ልካ ነበር፣ አጥፍተውባታል አልሁት። አየሽ፣ መድፉማ ለሁላችንም ይሰማል፤ ግን ሩቅ ነው እየተባለ ነበር። አባትሽ ቆሞ አሰበ። ‹ቅሬ እውነት አያጠፋም› አለኝ። ‹ያጠፉት ሐሰት ቢሆን ነው። ልጅ ናት፣ ፈርታ ይሆናል። ያልተጣራ አልለፍፍም፣ ነገ አጣርተን እንጠራለን› ብሎ ገባ።»

ጎረቤታችን ይህን ብሎ ከእግሩ ሥር ሣር ይነጭ ጀመር። መድፉ አባቴን ገድሎታል፤ ከመድፍ ጋር ግን ምን ክርክር አለኝ? አባቴ የሞተው ቅሬውን አምኖ ነው፤ ቅሬውን ውሸታም ያደረገው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ያው ሰው የራሱን እናት በስልክ «ውጪ» ብሎ፣ እሳቸው ደሴ እህታቸው ቤት ከገቡ በሦስተኛው ቀን ነው እኔን ሰብር አድርጊ ያለኝ። ይህንንም የነገረኝ ጎረቤታችን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝም አልረሳም።

ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር የልጆች ልብስ የምሸጥባት ሱቅ ከፈትሁ። ቅሬው ወርካው ሥር በተሰበሰበ ጊዜ ተነሥቼ ስልኬን ለቅሬው ዳኛ ሰጠሁ። ዳኛው ጽጌረዳውን አይተው፣ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አስነብበው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይህን ሰው እኔ ነኝ የተሸከምሁት» አለ ከቀበሩት ከሦስቱ አንዱ። «ሕመሙን እኔ አውቀዋለሁ።» ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ዳኛው አዲስ ግሩፕ እንዲከፈትና ሌላ ለፋፊ እስኪገኝ እኔ እንድይዘው ወሰኑ። ሴት ለፋፊ አይተን አናውቅም ያለ ነበር፤ በስልክ ነው፣ ቋጥኝ አትወጣም አሉት።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ግሩፕ ተሻገረ። በጎረቤታችን ስልክ የድሮውን ከፍቼ አየሁ፤ «ወጥቷል፣ ወጥታለች፣ ወጥቷል» የሚለው ዝርዝር ወደ ታች አያልቅም። በመጨረሻ እሱና የሰቀለው ሕግ ብቻቸውን ቀሩ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብቻ ሳይሆን በማግስቱም ደስ አለኝ። እሱም ወደ አዲሱ ለመግባት ጥያቄ ላከ፤ አልከለከልሁትም፣ አልተቀበልሁትምም፣ እንዲሁ እንዳንጠለጠልሁት ተውሁት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን አምስቱንም ወቅት እየሰገድሁ ከሰላት በኋላ ያ ጥያቄ እንዳለ አይ ነበር።

ሰላም ሆነ ስንል ሌላ ተኩስ መጣ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ከርሞ በተመለሰ ሰሞን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱቄ ተቀምጬ ሳለሁ ተኩስ ተሰማና ሁሉም በሩን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። አድሚኑ ነው፣ ከዚያው ከዓረብ አገር። ድምፁ ተሰባብሯል።

«ወንድሜን ገደሉብኝ። እናቴ ከመንገዱ ላይ ደውላ ቅሬውን ጥራልኝ አለችኝ። በአላህ፣ ጥሪልኝ!»

ወንድሙን አውቀዋለሁ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዕቃ ሲያመጣልኝ እስከ ውስጥ ተሸክሞ የሚያስገባልኝ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ማን እንደተኮሰበት እስከ ዛሬ አይታወቅም። አላህ ይርሐመው ማለት ነበረብኝ። ግን አፌ ሌላ ተናገረ።

«የሚለጠፈውን ጽፈህ ላክልኝ» አልሁት።

ላከው፦ «ወንድሜ ከከተማው መውጫ፣ ድልድዩ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞቷል። እናቴ ብቻዋን ናት። ቅሬው ይድረስላት።» ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እናቴ ብቻዋን ናት የሚለውን አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ የአባቴን ጽሑፍ ፈልጌ አወጣሁ፤ ጽጌረዳውን ከነቅጠሉ ቀዳሁ፤ «ወንድማችን ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ወደ አኼራ ሄዷል። ቅሬው ወደ ቤቱ ይምጣ» ብዬ ለጠፍሁት። ለእሱም ላክሁለት።

ወዲያው ደወለ። «ምን አድርገሽ ነው? ወንድሜ እኮ አልታመመም!»

«ሕጉን እንዳይነካ አስተካክዬልሃለሁ» አልሁት። «ሕግ ሕግ ነው ወንድሜ። ሰብር አድርግ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ለራሴም «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ። ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከዐስር በኋላ የሱቄን በር ከፈትሁ። በአስፋልቱ ላይ አንድ የአህያ ጋሪ ይመጣል። ጋሪው ላይ የተኛው ሰው በእናቱ ነጠላ ተሸፍኗል፤ ነጠላው አጥሮ እግሮቹ ወጥተዋል። እናቱ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ በአንድ እጃቸው የጋሪውን እንጨት ይዘው ይከተላሉ። ከባለ ጋሪው ሌላ ሰው የለም። ቅሬው የት ሄደ ብዬ ስንገበገብ ገባኝ። ቅሬውማ ቤታቸው ደጅ ተቀምጧል! በሽተኛ ነው የሞተው ብዬአቸዋለሁ፤ ከቤቱ ነው ያለ ብለው፣ ቃሬዛም ሳይዙ፣ ተረጋግተው ሄደው በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ልጁ ከረፋድ ጀምሮ ድልድዩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ውሏል፤ እናቱ ዝንብ ሲከላከሉለት ውለዋል። እግራቸው ወዴት ይሂድ ያለኝ የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በበቀል ከእኔ የምትብስ የለችም ብዬ ስኮራ፣ የቀጣሁት እሱን አልነበረም። እሱ ዓረብ አገር ነው።

ጽሑፉን አጥፍቼ እውነተኛውን ለጠፍሁ። ዘግይቷል፤ ሰዎቹ ከደጁ ተነሥተው ሳይንቀሳቀሱ ጋሪው ደረሰ። ለቀብሩ ሄድሁ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቆምሁ፣ ማንም አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ጧት ሱቄን ስከፍት እኒያ እናት በአስፋልቱ ላይ ሲመጡ አየሁ። ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በእኛ አገር በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ከትከሻው ካወረደለት ይቅር ብሎታል ማለት ነው፤ ካላወረደለት እንደተሸከመ ይቆማል። ባጃጆቹ ቆሙ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

«ምነው እናቴ!» ብዬ ወጣሁ። «እኔ ነኝ እኮ የበደልሁ፣ አንቱ ለምን ይሸከማሉ?»

«የአንቺን አቆዪው፣ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። ላብ በአንገታቸው ይወርዳል። «የፊተኛው ጥፋት የቤቴ ነው። ያን ጊዜ ለእኔ ደውሎ ውጪ አለኝ፣ ወጣሁ፣ ዳንሁ። ለአባትሽ የተላከውን ቃል ግን አጠፋው። ሲሞቱም በሐሰት ለፈፈ። ይኸን ያወቅሁት አሁን ነው፣ ልጄን ከቀበርሁ በኋላ ራሱ አልቅሶ ነገረኝ። በይ ልጄዋ፣ አውርጅልኝ።»

እንዲህ ሲሉኝ ወዲያው አላወረድሁላቸውም። ይህን እንዲያምርልኝ ብዬ አልጽፍም። አባቴን አሰብሁ፣ ጽጌረዳውን አሰብሁ፤ ካወረድሁት ይቅር ማለቴ ነው፣ የእሱ ዕዳ በእናቱ ትከሻ ሊያልፍ ነው ብዬ ተንገሸገሽሁ። ድንጋዩ ከትከሻቸው ሲንሸራተት አየሁ። ያን ጊዜ ድንጋዩን አነሣሁላቸው።

መሬት ላይ ግን አላስቀመጥሁትም። በዚያው ወደ ራሴ ትከሻ አዞርሁት። ከባድ ነው፤ እንዴት አድርገው እስከዚህ እንዳመጡት አላህ ይወቅ። ሱቄን ሳልዘጋ፣ እሳቸውን አስከትዬ፣ በአስፋልቱ ላይ እስከ ቤታቸው ተሸከምሁት። ከደጃፋቸው ስደርስ ተንበርክኬ ቆምሁ።

«ልጅዎን በሐሰት ጠርቼ ፀሐይ ላይ አውዬዋለሁ» አልሁ። «አፉ ይበሉኝ።»

እሳቸው እንደ እኔ አላቆሙኝም። «አፉ ብያለሁ» አሉና በሁለት እጃቸው አውርደው ከመቃናቸው ሥር አስቀመጡት። ውኃ ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ድንጋዩን እወስደው ወይስ እጥለው እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እዚሁ ይቀመጥ» አልሁ። «የእርስዎንም የእኔንም ተሸክመነዋል። የእሱን ግን ማንም አልተሸከመለትም።»

አሮጊቷ ድንጋዩን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ክፉ ነሽ አላሉኝም። «እነግረዋለሁ» ብቻ አሉ።

ነግረውታል። ባለፈው ረመዳን ደወለልኝ፤ ለዒድ እመጣለሁ፣ ያለፈውን እንርሳው፣ ወንድምሽ ነኝ አለኝ። ግሩፑ ላይ የሁለቱን ሞት አንድ ላይ እንደለጠፍሁት፣ አባቴን በመድፍ፣ ወንድሙን በጥይት ብዬ እንደጻፍሁት አይቷል፤ ጥያቄውን ያን ዕለት ተቀብዬለት ነበር። ረጅም አወራ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

«ከእናትህ ደጃፍ እስከ አባቴ መቃብር መንገዱን ታውቀዋለህ» አልሁት። «ዳገት ነው። ድንጋዩ እዚያው መቃኑ ሥር አለ፣ የነካው የለም። መጥተህ አንሣው።»